የጋሽ ወልደየስን ደም ግፊት እንዴት እንደጠበቅሁ

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ከእኔ አፍ የወጣ የጤና ነገር እስከ ዛሬ ማንንም ስላልጠቀመ ትቼዋለሁ። እንዲያው እንደምን ከረማችሁ? ይህን ነገር ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ እየሳቅሁ እጀምረውና መጨረሻው ላይ ስደርስ አንገቴን እደፋለሁ። ዛሬም ከዚያ የተለየ እንዳትጠብቁ።

የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ልደታ ማርያም አጠገብ ከቀበሌ በተከራየሁት ቤት ስኖር። ያን ጊዜ እኔ መካሪ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ሥራዬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነበር፤ ከሥራ ስመለስ ግን የሰፈሩ ጤና በእኔ ትከሻ ላይ ነው። ሬዲዮ የጤና ምክር ሲያስተላልፍ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። ጋዜጣ ላይ የወጣውን ቆርጬ አስቀምጣለሁ፤ አንዳንዴ ጋዜጣው የሰው ሆኖ ይገኛል፣ ቢሆንም እቆርጣለሁ። የግቢው ሰው «ዶክተር» ይለኝ ነበር። አብዛኛው ለቀልድ ነበር የሚለው፤ እኔ ግን እንደ ሹመት ተቀበልኩት።

ምን ያልመከርኩት አለ! ከሰል እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ አልኩ። ጧት ጧት በባዶ እግር ሣር ላይ መራመድ ለነርቭ ጥሩ ነው አልኩ፤ በግቢያችን የነበረው ሣር አንድ ምንጣፍ አይሞላም፣ እሱም ላይ የጎረቤት በግ ታስሮበታል። ከሁሉ የባሰው ግን የማኘክ ምክሬ ነው። አንድ ጉርሻ አርባ ጊዜ ካልታኘከ ሆድን ይጎዳል ብዬ ሰፈሩን አስጨነቅሁ። ታዲያ ለምሳሌ ለመሆን ብዬ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ስድስት ሆነን ትሪ ስንከብ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አፌ ከትቼ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ላይ ስደርስ ዕንቁላሉ ሄደ። ሠላሳ ላይ የዶሮው እግር ሄደ። አርባ ሞልቼ ስውጥ ትሪው ላይ የቀረው የተሣለበት አበባ ብቻ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን እየታጠቡ «ቁጠር ልጄ፣ ቁጠር፤ እኛ እንበላልሃለን» አሉኝ።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ባለቤት እኚህ ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት ችሎት ሲያስከብሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ድምፃቸው አልወጣም። ግቢ ውስጥ ልጆች ሲረብሹ በረንዳቸው ላይ ብቅ ይሉና አንዴ «ጸጥታ!» ሲሉ ልጆቹ ቀርቶ በጉ ዝም ይላል። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ትዕግሥት ከምትባል አስተማሪ ልጃቸው ጋር ከእኔ ቤት ጎን ይኖሩ ነበር።

ዘወትር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጌጃ ሰፈር ጋሽ ሸምሱ ይመጣሉ። ጋሽ ሸምሱ ከአሮጌ ቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ፣ ሀገራቸው ከቡታጅራ ወዲያ የሆነ አዛውንት ናቸው። ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ይጫወታሉ ማለቴ ይጨቃጨቃሉ ማለቴ ነው። ጋሽ ወልደየስ ቆርኪ ሲበላባቸው «ችሎቱ ይህን አልተቀበለውም!» ይላሉ፤ ጋሽ ሸምሱ ደግሞ «ይግባኝ እላለሁ!» ይላሉ። አንዱ በዐቢይ ጾም ሌላው በረመዳን ይጾማሉ፤ ጭቅጭቁ ግን ጾም አያውቅም። ጋሽ ሸምሱ በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ሲገቡ የቤት ሥራቸውን የሚያሠሯቸው ጋሽ ወልደየስ ነበሩ፤ ዳማው ሲያልቅ ቆርኪውን ገፋ አድርገው «በል አንብብ» ይሏቸዋል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ያቺ ዘጠኝ ሰዓት ለሁለቱ ምን እንደሆነች ያን ጊዜ አልገባኝም። ለእኔ ጩኸት ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ጋሽ ወልደየስ ቀበሌ ሱቅ የስኳር ወረፋ ላይ ቆመው ሳለ አዞራቸውና ወደቁ። እኔና ትዕግሥት ደግፈን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ደም ግፊት ነው ተባለ። ሐኪሙ ወጣት፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ጨው ይቀንሱ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውሰዱ፣ ይረፉ። ጠያቂም ባይበዛባቸው ጥሩ ነው» አለን። ይህን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁና።

ትዕግሥት በሦስተኛው ቀን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ክፍለ ሀገር መሄድ ነበረባት፤ ልቅር ማለት የማይቻልበት ጊዜ ነበር። ሻንጣዋን ይዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመች። «አባዬን አደራ። አንተ ደግሞ የጤና ነገር ታውቃለህ» አለችኝ። ዕንባዋ መጥቶ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሰማሁት ሁለተኛውን ቃል ብቻ ነው። በማግስቱ የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ወጣሁ።

ወዲያው ጠያቂ መጣ። የሰፈራችንን ጠያቂ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ታመመ ሲባል ብርቱካን ይዞ የሚመጣው ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፣ ለማከምም ነው። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ትላለች፤ ሌላዋ ተልባ ነው እንጂ ብላ ትቆጣታለች። አንዱ ፌጦ በሎሚ ይላል። አንድ ሰውዬ ደግሞ አጎቱ በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተ ከሥር ከመሠረቱ አንስቶ ነገረን፤ ቀብሩ ላይ ሲደርስ ጋሽ ወልደየስ ብርድ ልብሳቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡት። በአንድ ከሰዓት አሥራ ሰባት ሰው ቆጠርኩ። የእኔን ምክር የሚሰማ አንድም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ያናደደኝ ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጬ ተሰየምኩ። የሚመጣውን ሁሉ «ሐኪም ከልክሏል» እያልኩ መለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሽ ሸምሱ መጡ።

«ዛሬ አይቻልም ጋሽ ሸምሱ፤ ዕረፍት ታዟል» አልኳቸው።

«ደግ» አሉ፣ «እግዜር ይማረው።» ተመለሱ።

በማግስቱ ደግሞ መጡ። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል። ለምን እንደለበሱ አልጠየቅሁም።

«ላየው ብቻ ነው ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቃል አልናገርም።»

«እርስዎን ካዩ ዳማው ይነሳል፤ ዳማው ከተነሳ ጩኸቱ ይነሳል፤ ጩኸቱ ከተነሳ ደሙ ይነሳል» አልኳቸው። እንዲህ አድርጌ ሳስረዳ በራሴ ኮራሁ።

«ነገር ነበረኝ።»

«ሲሻላቸው ይነግሯቸዋል።»

ጥቂት ቆሙ። ወደ ውስጥ ለማየት አንገታቸውን አስግገው ነበር፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ተገተርኩ። ከዚያ ሄዱ። ውስጥ ስገባ ጋሽ ወልደየስ «ሸምሱ አልመጣም?» አሉኝ። «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አልኩ። ለጤናቸው ብዬ ዋሸሁ። ከአልጋ መነሳት አደገኛ ነው ብያቸው ስለነበር ወጥተው አያዩም፤ ሠላሳ ዓመት በዳኛ ትእዛዝ የኖሩ ሰው ትእዛዝ ያከብራሉ።

ቀኑን ሙሉ በር ላይ መቀመጥ ሲሰለቸኝ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ማስታወቂያ መለጠፍ። በእጅ የተጻፈ ነገር ማን ያከብራል ብዬ መሥሪያ ቤት ሄጄ በታይፕ መታሁት። የለመድኩት የደብዳቤ አጻጻፍ አንድ ብቻ ነው፣ ያውም የመሥሪያ ቤት። እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ መግባት ስለመከልከሉ። በዚህ ቤት የሚገኙት ግለሰብ ላልተወሰነ ጊዜ ከማንኛውም ሰው ጋር እንዳይገናኙ ስለተወሰነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ውስጥ መግባት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን። ኢትዮጵያ ትቅደም!» ደም ግፊት የሚለውን ልጨምር አስቤ የሰው ገበና ማውጣት ይሆናል ብዬ ተውኩት። «እናሳውቃለን» ያልኩት ደግሞ «አሳውቃለሁ» ትንሽ ድፍረት ስለመሰለኝ ነው።

በዚያ ዘመን በሰው በር ላይ በታይፕ የተመታ ወረቀት ሲለጠፍ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ የማያውቅ ሰው በአዲስ አበባ አንድ ብቻ ነበር። እሱም ወረቀቱን የለጠፈው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሸምሱ ሲመጡ እኔ በመስኮት አየኋቸው። በሩ ላይ ቆሙ። ዐይናቸው ደክሞ ስለነበር አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠግተው፣ በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ፣ ድምፅ እያወጡ አነበቡት። ምናልባት ማንም ሳያግዛቸው ሙሉውን ያነበቡት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሲጨርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁት፣ ግራና ቀኝ አይተው ሄዱ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ንባባቸው ምን ያህል እንደተሻሻለ አደነቅሁ። አዎ፣ ያደነቅሁት እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ። አንድ ሰው አልመጣም። ደብተሬ ላይ «ጠያቂ፦ ዜሮ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ ተራቸውን ይለቁልኛል። የእድራችን ዳኛ ሩቅ ሆነው ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። ቅቤ የምትሸጠው ጎረቤታችን ብቻ አንድ ቀን ጠጋ ብላ «አንተ እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ ትገባለህ አላልንም ነበር» አለችኝ። የሕክምና ሥራ ማለቷ መስሎኝ «ቀስ በቀስ ነው የተማርኩት» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሸሸች። እኔ ሰፈሩ በመጨረሻ የጤናን ጥቅም ተረዳ ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ጋሽ ወልደየስ ግን እየባሰባቸው ሄደ። ጨው የሌለውን ምግብ ያለ ክርክር ይበሉልኛል፤ ይህ በራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ። «ሰው ጠላኝ እንዴ?» አሉኝ አንድ ቀን። «ለማን ምን አደረግሁ?» አለመጠላታቸውን ነገርኳቸው፤ ለምን ሰው እንደማይመጣ ግን አልነገርኳቸውም።

በሳምንቱ ለቀጠሮ ሐኪሙ ዘንድ ስንሄድ ግፊቱ ጨምሮ ተገኘ። ሐኪሙ እሳቸው ኮታቸውን ሲለብሱ እኔን ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ማን ነው የሚያጫውታቸው?»

«ማንም። አንድም ሰው አላስገባሁም» አልኩ፤ ምስጋና እየጠበቅሁ።

«ለምን?»

«እርስዎ ነዎት ያዘዙት።»

«እኔ ጠያቂ አይብዛ አልኩ እንጂ ሰው አይያቸው መቼ አልኩ? ወዳጅ የላቸውም? ከወዳጅ ጋር መዋል እኮ ዕረፍት ነው» አለ። ቁጣ አልነበረውም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን ሳልገነጥል ነበር የወጣነው። ስንወጣ በሩን ወደ ውስጥ ስለከፈትኩት አላዩትም፤ ስንመለስ ግን ፊት ለፊት ተጋጠሙት። ጋሽ ወልደየስ ሠላሳ ዓመት ስንትና ስንት የፍርድ ቤት ማስታወቂያ በሰው በር ላይ ሲለጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዴ አነበቡት። ግድግዳውን ያዙ። «ማን ከሰሰኝ?» አሉ። ያ ድምፅ፣ በጉን ዝም የሚያሰኘው ድምፅ፣ አልነበረም። ሌላ ሰው የተናገረ ነው የሚመስለው።

«ማንም አልከሰሰዎትም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ግቢ ገባ። ወሬው ከደረሳቸው ሰንብቷል፤ የመጡት ግን ለመጠየቅ ሳይሆን ለመቆጣት ነበር።

«ይህን ቤት ማን ነው ያሸገው?»

«እኔ ነኝ።»

«በማን ትእዛዝ?»

«በሐኪም።»

«የየትኛው ኮሚቴ ሐኪም? በዚህ ቀበሌ ያለ እኛ ዕውቅና ቤት የሚያሽግ ማን ነው?» ወረቀቱን ገነጠለው፤ የታችኛውን መፈክር አይቶ ሊቀደው ስለማይችል በጥንቃቄ አጠፈው። አንደኛው ጥበቃ ክንዴን ያዘኝ። ይሄኔ ከኋላዬ «ጸጥታ!» የሚል ተሰማ። ሁላችንም ቀጥ አልን፤ ሊቀመንበሩም ጭምር። ጋሽ ወልደየስ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። «ልጁ ለጤናዬ ብሎ ነው። ሞኝነት እንጂ ክፋት የለበትም። ልቀቁት» አሉ። ለቀቁኝ። እኔን ለማስለቀቅ ያወጡት ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተኝተው ነው የዋሉት።

ቅጣቴ እሑድ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ሆነ። ቆሜ፣ የጨው መቀነስን ጉዳይ በንዑስ ከበርቴ ችኩልነት መምራቴን፣ ሰፊውን ሕዝብ ከበሽተኛው መነጠሌን አመንኩ። እድሜ ለደም ግፊት፣ በዚያ አዳራሽ ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ቅቤ ሻጯ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሁሉን ተናዘዝኩ፤ አንድ ነገር ብቻ ዘለልኩ። ጋሽ ሸምሱን ወረቀቱ ከመለጠፉም በፊት፣ ወዳጃቸው መሆናቸውን እያወቅሁ፣ በገዛ አፌ መመለሴን አልተናገርኩም። ጋሽ ወልደየስም፣ ጋሽ ሸምሱ እንደ ሌላው ሰው ወረቀቱን አይተው ፈርተው የቀሩ ነው የመሰላቸው። እንዲመስላቸው ተውኳቸው።

ከእሑድ ጀምሮ ሰው መምጣት ጀመረ። ጋሽ ሸምሱ ግን አልመጡም። ማክሰኞ ጋሽ ወልደየስ «ጌጃ ሰፈር ሂድና ነገሩ ቀልድ እንደሆነ ንገረው። ይምጣ በለው» አሉኝ።

ሄድኩ። የጋሽ ሸምሱ መሥሪያ ተቆልፏል። ጎኑ ምድጃ የሚሠራ ጎልማሳ መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ።

«አባባ ሸምሱ ሀገራቸው ገቡ» አለ። «ዐይናቸው እምቢ አላቸው፤ ቆርቆሮ መቀጥቀጥ አልቻሉም። ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ምን ሊመለሱ! መሣሪያቸውንም ለእኔ ሰጡኝ።» ከዚያ እኔ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ቀጠለ። «ልጃቸው ቶሎ እንሂድ ሲል፣ ልደታ አንድ ወዳጅ አለኝ፣ እሱን ሳልሰናበት አልሄድም ብለው ሦስት ቀን አስቆሙት። ሦስቱንም ቀን ሄደው ተመለሱ። በመጨረሻው ቀን፣ ወዳጄ ታስሯል፣ ስሙን አታንሡብኝ ብለው እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።»

ከጌጃ ሰፈር እስከ ግቢያችን ያለውን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ለጋሽ ወልደየስ ምን ብዬ እንደምዋሽ እያሰብኩ እንደነበር ነው፤ ሁለት ሦስት ጥሩ ውሸት አዘጋጅቼም ነበር። ስገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ጠበቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ሸምሱ ሀገራቸው መግባታቸውን፣ ዐይናቸው እምቢ ማለቱን፣ እኔ በር ላይ ያልኳቸውን አንድ በአንድ።

«ስንቴ መጣ?» አሉ።

«ሦስቴ።»

«ነገር አለኝ አለህ?»

«አዎ።»

ከዚያ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። የት ሊሄዱ ነው ስላቸው ጌጃ ሰፈር አሉኝ። ተቆልፏል፣ ማንም የለም አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። ልከተላቸው ስነሳ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አንተ እዚሁ በር ላይ ቁም፤ ለምደኸዋል። ሰው ከመጣ ግን አስገባ።»

ግድግዳ ሳይደግፉ፣ ቀስ ብለው ከግቢው ወጡ። እኔም ቆምኩ። ያን ዕለት ከሰዓት አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ አሥራ አንዱንም አስገባሁ። ሁሉም ጋሽ ወልደየስ የት ሄዱ ብለው ጠየቁኝ፤ ለእያንዳንዳቸው፣ ወዳጃቸውን ሦስት ቀን ከዚህ በር የመለስኩት እኔ እንደሆንኩ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።